ግድግዳችን ላይ የነበረው ጋዜጣ እውነት ቢሆን ኖሮ

የሐይቅ ልጆች! የድሮ ተማሪዎቼ፣ በያላችሁበት፤ ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ ጂዳም፣ ዋሽንግተንም ያላችሁ።

ሰሞኑን አንዱ የድሮ ተማሪዬ ደወለና «ቲቸር፣ ያቺ የአርዕስተ ዜና ጨዋታችን ትዝ ትልዎታለች?» አለኝ። እንዴት ትረሳኛለች! ላላወቃችሁት ልንገራችሁ። ዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ የታሪክ ትምህርት ማስተማር ማለት ለተኛ ሰው ተረት እንደማውራት ነው። ግማሹ ልጅ ልቡ ሐይቁ ዳር ነው፣ ግማሹ ራት ምን እንደሚበላ ያስባል። ታዲያ እኔ ቾክ አንሥቼ አንድ የድሮ ወሬ ወይም አርዕስተ ዜና ሰሌዳው ላይ እጽፍና «ይህ ነገር ቃል በቃል ቢፈጸም ኖሮ እኛ አገር፣ ሐይቅና አምባሰል፣ ምን ይፈጠር ነበር?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚተኛ የለም።

ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ወሬው እውነት የተወራ ወይም የታተመ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ እንደልባችን ስቀን ስንጨርስ የእውነቱን ታሪክ እንናገራለን። የዛሬው ጽሑፍ በዚያው ሕግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ያገኘሁት ከቤታችን ግድግዳ ነው። ያኔ የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ እንደ ሙጫ ተቀብቶ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገጽ ገልብጣ ነበር የለጠፈችው። ስለዚህ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ግማሹን ቀጥ ብዬ፣ ግማሹን አንገቴን ጠምዝዤ ነው። ሚኒስትሮቹ በጭንቅላታቸው ቆመው ሪባን ሲቆርጡ አይቼ አድጌአለሁ። በኋላ ታሪክ ስማር የገባኝ ነገር ቢኖር እናቴ ብዙም እንዳልተሳሳተች ነው።

እሺ፣ እንጀምር።

*የውጫሌ ገበሬ ጣልያን የሆነበት ቀን*

ከቅርባችን እንነሣ። ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌ አለች። ከውጫሌ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ይስማ ንጉሥ የሚባል ቦታ አለ። ምኒልክና የጣልያኑ ወኪል አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውሉን የተዋዋሉት እዚያ ነው። ቦታውን ስሙን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አንቀጽ 17ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፈተና ላይ ሳላመጣው የቀረሁበት ዓመት የለም። አማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለመላላክ ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት በኩል «ይቻላቸዋል» የሚል ነው። ጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ አደረገው። ጣልያን በዚያው ዓመት ሳይሆን በማግሥቱ፣ ጥቅምት 1882 ላይ፣ ይህንን ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ አሳወቀች። ወሬው ሮም ላይ ተሰማ፣ ለንደንና በርሊን ደረሰ፣ ካርታ ሠሪዎችም ቀለማቸውን አነሡ።

በጨዋታችን ሕግ ወሬው እውነት ሆኖ ውጫሌ ይግባ። አንድ ገበሬ ማታ አምባሰልኛ እያንጎራጎረ ተኝቶ ጧት ጣልያን ሆኖ ተነሣ።

«አንቺ፣ ጣልያን ሆነናል አሉ።»

«እኛ?»

«እኛ።»

«በምን?»

«በግሥ ነው አሉ። አንዲት ግሥ ተሳስታ።»

«ታዲያ ግሧን ያስተካክሏታ! ለግሥ ብዬ ጤፍ ትቼ ፓስታ ልቀቅል?»

ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ጉዳዩን ይመክርበታል። አንዱ ሸምገል ያለ ሰው «የኛን ዳኛ ትተን ሮም ድረስ ልንካሰስ ነው? እኔ የድንበር ነገር አለኝ፣ ስንቅ አይበቃኝም» ይላል። ሌላው «አብሽሩ፣ ካርታው የተቀባው እዚያ ነው፤ መሬቱ ያለው እዚህ ነው» ብሎ ይገላግላቸዋል። ባልና ሚስቱም የኢጣልያ ዜግነታቸውን ለግማሽ ቀን ብቻ ይዘው ቆይተው ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ ሁሌ እንስቅ ነበር። ከዚያ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ገበሬው በሬዎቹስ ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእውነቱ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። ያ ዘመን ክፉ ቀን ነው። በሬዎቹ አልቀዋል። ያንን የከብት እልቂት ያመጣው በሽታ ለጣልያን ጦር በምፅዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች ጋር ነው የመጣው ተብሎ ይነገራል። ጋዜጣውና ካርታው ለገበሬው የጣልያን ጥበቃ ደረሰህ ሲሉት፣ ጎጆው ድረስ የደረሰው የጣልያን ነገር የከብት በሽታው ነበር። እሱን የጻፈ አርዕስተ ዜና ግን አልነበረም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ምኒልክ የትርጉሙን ነገር ያረጋገጡት ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ መልስ ነው፤ «በጣልያን በኩል ላክልን» ሲባሉ። በ1885 ውሉን አፈረሱ። በ1888 ጥቅምት ሠራዊቱ እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ። ከየካቲት 23 በኋላ ደግሞ ሌላ ዜና ለሮም ደረሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ከወንበራቸው ወረዱ። ግሧ ውድ ነበረች።

ወረኢሉንም ያዙልኝ፤ እሷም ትመለሳለች።

*ሃያ አራት ቅጂ*

ይህን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው። በምኒልክ ጊዜ አንድሬያስ ካቫድያስ የሚባል ግሪካዊ በእጁ እየጻፈ 24 ቅጂ ብቻ የሚያወጣው ጋዜጣ ነበር። «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ሃያ አራት! ዛሬ አንድ የሐይቅ ጎረምሳ የምሳውን ፎቶ የሚያሳየው ሰው ከዚያ ይበልጣል።

አንዷ ቅጂ ተሳስታ ሐይቅ እስጢፋኖስ ብትደርስስ? አባቶች በትሕትና ይቀበሏታል። ከዚያ ኢየሱስ ሞዓ ካስጻፉት ወንጌል አጠገብ አስቀምጠው «በብራና ያልተጻፈ ነገር ስንት ዘመን ይኖራል ብላችሁ ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ወንጌሉ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የኛ ቤት ጋዜጣ ሦስት ክረምት አልቻለም።

*ያልሞተችው ነርስ*

1928። ጣልያን መስከረም 22 ቀን አድዋን ደበደበ። የዓለም ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ተከማችቷል፤ ግን ወደ ግንባር እንዳይሄድ ተከልክሏል። ታዲያ ሆቴል ቁጭ ብሎ ምን ይጻፍ? እርስ በርሱ ወሬ እየተቀባበለ ይልካል። ከእነዚህ አንዱ የለንደኑ ዴይሊ ሜይል የላከው ደራሲው ኢቭሊን ዎ ነበር።

ከአለቆቹ ቴሌግራም መጣለት፤ አድዋ ላይ በቦምብ የሞተችውን አሜሪካዊት ነርስ ስሟን፣ የሕይወት ታሪኳንና ፎቶግራፏን ባስቸኳይ ላክ የሚል። ዎ ቢጠይቅ ቢያጠያይቅ እንዲህ ያለች ነርስ የለችም። አልሞተችም ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያውም አልነበረችም። መልሱን በሁለት ቃል ላከ፤ ነርሷ አልፈነዳችም እንደ ማለት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምስጢር እንዳይወጣበት ብሎ ዜናውን በላቲን ቋንቋ ቢልክ፣ ለንደን ያሉት የማይረባ ነገር መስሏቸው ሳይጠቀሙበት ቀሩ። እኔ ይህን ስሰማ «በግእዝ ቢልከው ኖሮ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያነቡለት ነበር» ብያለሁ።

እስቲ ነርሷ በአርዕስተ ዜናው ትእዛዝ ተፈጥራ ሐይቅ ትምጣ። እናቶች ያዩዋታል። «ይቺ ምስኪን፣ ማን ናት?» «የሞተችዋ ነርስ ናት አሉ።» «ውይ በሞትኩት! ቡና አቅርቡላት!» ለራሷ ለቅሶ ትቀመጣለች። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እሷም ወግ ነው ብላ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ሞተሽም ቢሆን አንድ ነገር ቅመሺ» ትባላለች። ወሎ ናት እንግዲህ፤ ያልነበረ ሰውም ቢሆን ሳይበላ አይሸኝም።

አሁን የእውነቱ። ነርሷ አልነበረችም፤ ሆስፒታሉ ግን ነበረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀይ መስቀል የተሣለበት የሚስዮን ሆስፒታልም አልቀረለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ የዚያ ቀን ነው። ሚያዝያ 7 ደግሞ ጣልያን በዚሁ በኛ መንገድ ወርዶ ደሴ ገባ። ዎ አገሩ ተመልሶ በጋዜጠኞች ላይ የሚያሾፍ ልብ ወለድ ጻፈ፤ «ስኩፕ» ይባላል፣ ዓለም እስከ ዛሬ ይስቅበታል። እኔም ስቄበታለሁ። ግን ልብ በሉ፣ እነሱ ያልነበረችውን ነርስ ሲፈልጉ፣ የነበረው የደሴ ሰው ቦምቡን እየጠበቀ ነበር።

*ባዶ እግርና ደመወዝተኛ ንጉሥ*

ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። እኛ ጋ ችቦ ሊበራ ሲል ማለት ነው። ጣልያን ሮም ላይ ችቦ ይዞ ተቀበለው፤ መንገዱ ዳር በችቦ በርቶ ነበር።

ዜናው ቃል በቃል ቢወሰድስ? «በባዶ እግር መሮጥ ያሸንፋል» ከተባለ አምባሰል ሙሉ ሻምፒዮን ነው! ያኔ ጫማ ያለው ማን ነበር? እናቶቻችን ከግሸን ማርያም ወርደው እህል ተሸክመው ቤታቸው የሚገቡበትን ሰዓት የሚይዝ ዳኛ ብቻ ነው የጠፋው። የሐይቅ ጫማ ሻጭ ከስሮ «ጫማ የሚያደርግ ሁለተኛ ይወጣል» እያለ ሸራውን በግማሽ ዋጋ ያወጣል።

ሦስት ወር አለፍ እንዳለ የታኅሣሥ ግርግር መጣ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 በሬድዮ ባነበቡት መግለጫ አዲስ መንግሥት መቆሙንና እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው በደመወዝ አገር እንደሚያገለግሉ ተናገሩ። የወሎ ገዥ እኮ ናቸው! የኛው ሰው! ደመወዝተኛ ንጉሥ ማለት ነው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲስቁ ጣሪያው ይነሣ ነበር። «ቲቸር፣ ወር እስኪደርስ ሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ?» «ቲቸር፣ በዓመት ፈቃዳቸው ማን ይነግሣል?» «ቲቸር፣ ካረፈዱ ይቆረጥባቸዋል?»

መፈንቅለ መንግሥቱ ከሽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 8 ቀን ተመለሱ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ ወደ 30። ወሬው በአህያ የሚደርሰው ሰው ቢኖር አዲሱን መንግሥት የሚሰማው አሮጌው ከተመለሰ በኋላ ነው። «ዕልል» ብሎ ቢወጣ፣ ዕልልታው የየትኛው መንግሥት እንደሆነ የሚያስረዳው ጠበቃ ሊያስፈልገው ነው።

*ሐይቁ በቁጥጥር ሥር ዋለ*

አሁን ወደ ዋናው፣ ተማሪዎቼ በጣም ወደሚወዱት። በደርግ ጊዜ አደባባዩም፣ ጋዜጣውም፣ የቀበሌው አጥርም ላይ የነበረው መፈክር ትዝ ይላችኋል፤ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!»

እንግዲህ ቃል በቃል እንውሰደው። ሐይቃችን ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥልቁ ጋ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለመያዝ ቀላል ተጠርጣሪ አይደለም። አንድ ጧት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ዳሩ ላይ ይቆሙና «ሐይቅ ሆይ፣ እጅህን ወደ ላይ!» ይላሉ። ሐይቁ እጅ የለውም። ይህም ለአብዮቱ ያለውን ንቀት ያሳያል ተብሎ ይመዘገባል።

ከዚያ ትእዛዝ ይወጣል። ማዕበል ከቀበሌ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይነሣ። ጉም ከጧቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዳይታይ። የአምባሰል ዝንጀሮዎች በማኅበር ይደራጁ፤ ሊቀመንበር ይመረጥ፣ የእርሻ ማሳ መዝረፍ በስብሰባ ይወሰን። ነፋስ መጥሪያ ተልኮለት ሳይቀርብ ስለቀረ በሌለበት ይታይ።

ደመናው ግን ይመጣል፤ ከምሥራቅ ተነሥቶ ቦርከና ኬላ ይደርሳል።

«ቁም! ከየት ነህ?»

«ከባሕር።»

«ወዴት?»

«ሐይቅ፣ አምባሰል፣ ከዚያ ላስታ።»

«የይለፍ ወረቀት?»

የለውም። ይለፍ ያልያዘ ሰው በማያልፍበት ዘመን ይለፍ ያልያዘ ደመና እንዴት ይለፍ? እዚያው ኬላው ላይ ይዘንባል። ኬላው በጎርፍ ይወሰዳል። ኬላው ስለተወሰደ ደመናው ሁለተኛ ክስ ይጨመርበታል፤ የመንግሥትን ንብረት ማጥፋት። ግለ ሂስ እንዲያደርግ መድረክ ላይ ይወጣል፤ «ጓዶች፣ በ1965 ሥራዬን በአግባቡ አልሠራሁም፤ አድሃሪ ነፋሶች አሳስተውኝ ነው...»

እዚህ ላይ እኔም እንባዬ እስኪመጣ እስቅ ነበር። ለፍትሐዊነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ተፈጥሮ አንድ ጊዜ ታዛለች። በ1970 ገደማ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሐይቃችን ውስጥ ተጨመረ፣ ተራባ፣ ዛሬ ስንት ጀልባ ያሳድራል። ግን ዓሣው የታዘዘው ለመፈክሩ አልነበረም። በባለሙያ አምጥተው ጨመሩት፣ ውኃው ተስማማው፣ አለቀ። መፈክሩ ባይኖርም ይራባ ነበር።

*ያልተጻፈው*

አንድ ዓርብ ይህንኑ የደመናውን ታሪክ ስናወራ፣ ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያልተጻፈ አርዕስተ ዜናስ ምን ያስከትላል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ። ደወሉ አዳነኝ። ቤቴ ገብቼ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። መልሱን በሚቀጥለው ዓርብ ነገርኳቸው፤ ዛሬም እሱን ልድገመው።

1965 ላይ ጎረምሳ ነበርኩ። ከሰሜን ወደ ደሴ የሚወርደው ሰው በሐይቅ በኩል ነበር የሚያልፈው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ ቤተሰብ ቤተሰቡ። እናቴ በራችን ላይ ቆሎ ይዛ ትቆም ነበር፤ ኋላ ቆሎውም አለቀ። አንድ ማታ በኩራዝ ግድግዳችንን ማንበብ ጀመርኩ፤ ቀጥ ያለውንም የተገለበጠውንም። አንድ ቃል እየፈለግኩ ነበር። ድግሱ አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ የውጭ አገር እንግዳ አለ። «ረሃብ» የሚል ቃል አልነበረም። በራችን ላይ ያለው ነገር ግድግዳችን ላይ የለም።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ረሃብ ላይ ባጠኑት መጽሐፋቸው የዘገቡት አንድ ነገር አለ። ከ1965ቱ በፊት፣ በ1958 ገደማ፣ ከወረኢሉ የተነሣ የረሃብ ዜና በየቢሮው አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት። የመጣው መልስም የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ወረኢሉን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በ1888 ንጉሡ ሲጠሩ ሠራዊት የደረሰባት ወረኢሉ፣ እሷ ስትጣራ 302 ቀን ቆመች። በእግር እንኳ ቢሄድ በ302 ቀን ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ ይሆናል?

በ1965 ሚያዝያ አካባቢ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ፎቶ አንሥተው ሄዱ፤ ፎቶዎቹም ለተማሪዎች ታዩ። የአገሩ ጋዜጣ ግን አልጮኸም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በለንደን ቴሌቪዥን አሳየ። እኛ ደጃፍ ያለፈውን ሰው ለንደን አየው፤ አዲስ አበባ ገና አላየውም።

አዲስ አበባ ያየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አቀረበው። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ በትንሿ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። እንግዲህ ከጻፍኳቸው አርዕስተ ዜናዎች ሁሉ የአንዱን ያህል ውጤት ያመጣ የለም፤ እሱም ሳይጻፍ የቀረው ነው። ጊዜው ሲያልፍ ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ አነሣው።

አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ኋላ በ1991 ኖቤል የተሸለመ፣ ይህንኑ የኛን ረሃብ አጥንቷል። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው የተራበው ገበያ ላይ እህል ጠፍቶ ብቻ አልነበረም፤ ሰብሉ ሲጠፋና ከብቱ ሲያልቅ መግዣ ስላጣ ነው። ሴን ኋላ ላይ ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ብሎ ጻፈ። የሚከራከሩት አሉ። እኔ ግን ግድግዳችንን አስታውሼ አመንኩት።

ደርግስ ተማረ? «ድብቁን ረሃብ» አጋልጦ ሥልጣን የያዘ መንግሥት፣ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ ዳግም እየተራቡ ነበር። ጋዜጣው በበዓሉ ተሞልቷል። የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ዘገባ ከቆረም የተላለፈው ጥቅምት 13 ነው። ቆረም ያኔ ወሎ ናት። ያ ቦርከና ኬላ ላይ የቆመው ደመና፣ ያ ግለ ሂስ ያደረገው፣ አሁን አያስቅም አይደል? ሰማዩ በቁጥጥር ሥር አልዋለም፤ ዜናው ግን ውሎ ነበር።

በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለእርዳታ የሚሆን ዘፈን አወጡ። ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» እንደማለት ነው። ልባቸው መልካም ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ስንዴው ደርሶናል። ግን በጨዋታችን ሕግ አንድ መልስ ይላክላቸው። «ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም። ጥያቄያችሁ ደርሶናል። አዎ፣ እናውቃለን፤ ታኅሣሥ 29 ነው። እናንተ እንግሊዞች ለራሳችሁ ፓርላማ ሳታቋቁሙ እኛ እዚህ ገናን እናከብር ነበር። ጎረቤቶቻችን እስላሞቹም ያውቃሉ፤ አብረውን ነው የሚበሉት። የማናውቀው ሌላ ነገር ነው፤ መራባችንን ማን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ።»

*ይስማ ንጉሥ*

የቦታውን ስም ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ይስማ ንጉሥ። ንጉሥ ይስማ። እዚሁ አምባሰል፣ የምኒልክ ውል የተፈረመበት ቦታ። በሱ ምክንያት ውጫሌ በዓለም መጽሐፍ ሁሉ ተጽፋለች። ስሟን አውሮፓ ሰማ፤ የገበሬዋን በሬ የሰማ ግን አልነበረም። እኔ ታሪክ ያስተማርኩት ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው፤ ባጭሩ ብጠየቅ ግን የዚህን አገር ታሪክ በዚያ ስም እናገረዋለሁ። ሰው ይጮኻል፣ ወሬው መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ይስማ የተባለው ደግሞ የስም ዝርዝር ይጠይቃል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አሁን በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ላይ ቀኑን ሙሉ አርዕስተ ዜና ይፈሳል። 24 ቅጂ ሳይሆን 24 ሚሊዮን። አንዱን ከመላካችሁ በፊት የዓርብን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። አንደኛ፣ ይህ ቃል በቃል ቢፈጸም እኛ ሰፈር ምን ይሆናል? ካሳቃችሁ ምናልባት ውሸት ወይም መፈክር ነው። ሁለተኛው የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው፤ ከጎኑ ሳይጻፍ የቀረው ምንድን ነው? በሬ አለቀ? ሰው መንገድ ላይ አለ? ራሳችሁ በር ላይ ቆማችሁ ያያችሁትን ነገር እዚያ ካጣችሁት፣ እናንተ ጻፉት። ስንት ሰው ያነበዋል አትበሉ።

ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋ የራሷ ልጆች አሏት፤ ይህን ካነበብሽው፣ መልሱ አንድ ሳምንት ስለዘገየብሽ ይቅርታ። ከ302 ቀን ይሻላል።

አንድ ልመና ልጨምር። በየቤታችሁ፣ በእናቶቻችሁ ቤት፣ የድሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ካለ ቤቱ ሲታደስ ከመፋቁ በፊት ፎቶ አንሡልኝ። ተገልብጦ የተለጠፈም ቢሆን። አንገቴን ጠምዝዤ ማንበቡን አልረሳሁትም።

ሰላም ዋሉ። ዝናቡን በጊዜው ያምጣልን፤ ያለ ይለፍ ወረቀት።